ቫሊድ ነው? ለምኑ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም አንድ የሎጂክ ጥያቄ፣ ክርክር ቫሊድ (የሚጸና፣ ልክ የሆነ) የሚባለው መቼ ነው የሚለውን፣ መልሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች ግን ሎጂክ ላይ አልቆሙም፤ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ወደ ኑዛዜ፣ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ 12ኛ ክፍል ፈተና ሄዱ። ሁሉም የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ነገር ቫሊድ ነው ወይስ አይደለም? ስለዚህ የዚህ ወር ገጻችንን በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጥናቴ የወለዱ እናቶች ድብርት ላይ ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጠይቅ እጠቀማለሁ። ፓይለት (የሙከራ ዙር) ሠርቼ ክሮንባህ አልፋው፣ ጥያቄዎቹ አብረው መሄዳቸውን የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.86 መጣ፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አማካሪዬ ግን «ቫሊዲቲው የታለ?» ብሎ መለሰብኝ። ሕግ የተማረውን ወንድሜን ብጠይቀው ስለ ውል አወራኝ። ፍሬሽማን እያለሁ ሎጂክ ላይ የተማርኩት ደግሞ ሌላ ነው። የትኛውን ልያዝ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሦስቱም ልክ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። አማካሪሽም ልክ ነው፣ አትቀየሚው።

መጀመሪያ ሎጂኩን እንጨርስ። እዚያ ቫሊድ የሚባለው ከመነሻ ወደ ድምዳሜ የሚወስደው መንገድ ነው። መነሻዎቹ እውነት ሆነው ድምዳሜው ሐሰት ሊሆን ይችላል ወይ? ፈጽሞ አይችልም ከተባለ ክርክሩ ቫሊድ ነው። መነሻዎቹ በእርግጥ እውነት ናቸው ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እስቲ ይሄን እይው፦ ሐይቅ ሁሉ ጨዋማ ነው፤ ጣና ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ ጣና ጨዋማ ነው። ድምዳሜው ሐሰት መሆኑን ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ክርክሩ ግን ቫሊድ ነው፤ ችግሩ ያለው የመጀመሪያው መነሻ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ይሄን፦ አንዳንድ ሐይቆች ጨዋማ ናቸው፤ አፍዴራ ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ አፍዴራ ጨዋማ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ አፍዴራ እንዲያውም ጨው የሚመረትበት ሐይቅ ነው። ክርክሩ ግን ቫሊድ አይደለም። አፍዴራን አውጥተሽ ጣናን አስገቢበት፤ መነሻዎቹ እውነት እንደሆኑ ይቀጥላሉ፣ ድምዳሜው ግን ሐሰት ይሆናል። መንገዱ አያስተማምንም ማለት ነው። መንገዱም ቫሊድ፣ መነሻዎቹም እውነት ሲሆኑ ነው «ሳውንድ» የተባለውን ማዕረግ የሚያገኘው። አርስቶትል ይሄን በሥርዓት ካስቀመጠ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መሠረቱ እስካሁን አልተነቃነቀም።

መጠይቅ ግን መለኪያ ነው። መለኪያ ላይ የሚጠየቀው «እለካዋለሁ ያልሽውን ነገር እየለካሽ ነው ወይ?» ነው። አልፋ ይሄን አይመልስም። አልፋ የሚነግርሽ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ብቻ ነው። አንዱን ከፍ አድርጋ የመለሰች እናት ሌላውንም ከፍ ታደርጋለች? 0.86 «አዎ» ይላል። ጥሩ። ግን አብረው የሚሄዱት ምን እየለኩ ነው? ድብርት? ሌሊት ሁሉ ሕፃን ሲያጠቡ የማደር ድካም? የቤት ኪራይ ጭንቀት? ወይስ ከጤና ጣቢያ የመጣች ጠያቂን ላለማስቀየም ለሁሉም አዎ አዎ ማለት? አራቱም ከፍ ያለ አልፋ ሊሰጡሽ ይችላሉ። ይሄን አልፋ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊ ክሮንባህ፣ በ1955 ከፖል ሚል ጋር ሆኖ በዐይን የማይታይ ነገር ለምሳሌ ጭንቀትን ወይም ብልህነትን እለካለሁ የሚል ሰው ማስረጃውን ከየት ማምጣት እንዳለበት ሌላ ጽሑፍ ጻፈ። ኮንስትራክት ቫሊዲቲ የሚባለውን ሐሳብ በሰፊው ያብራራው ይሄ ነው። አልፋው ቢበቃ ኖሮ ያ ጽሑፍ ባላስፈለገ።

አንቺን በቀጥታ የሚመለከት የራሳችን አገር ታሪክም አለ። የኤድንብራ የድኅረ ወሊድ ድብርት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራ፣ አሥር ጥያቄ ያለው መጠይቅ ነው። ብዙ አገር ይጠቀምበታል። ተመራማሪዎች ቡታጅራ አካባቢ ገጠር ውስጥ ላሉ እናቶች ሰጥተው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከሚያደርገው ምርመራ ጋር ሲያስተያዩት፣ የታመመችውን ካልታመመችው በደንብ መለየት አልቻለም። ከእሱ ይልቅ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ሃያ የአዎ ወይም አይደለም ጥያቄዎች ያሉት ኤስአርኪው (SRQ) የተባለ መጠይቅ ተሽሎ ተገኘ። እሱ ራስ ምታትን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ እንቅልፍን፣ ድካምን ይጠይቃል፤ ሕመሟን በአካሏ በኩል ለምትናገር እናት ይቀርባል ብዬ አስባለሁ። ይሄ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ያው የኤድንብራ መለኪያ አዲስ አበባ ላይ በደንብ ሠራ።

ታዲያ የኤድንብራ መለኪያ ቫሊድ ነው ወይስ አይደለም? እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለውም። ለአዲስ አበባ እናቶች ጥሩ ማስረጃ አለው፤ ለቡታጅራ ገጠር እናቶች የተገኘው ማስረጃ ደካማ ነው። ብዙ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ «ቫሊዴት የተደረገ መጠይቅ ተጠቅመናል» የሚል አንድ መስመር አያለሁ፤ በጣም ያናድደኛል። የት? ለማን? ለምን ዓላማ? ማስረጃ የሚቀርበው ከውጤቱ ተነስተሽ ስለ እነዚያ ሰዎች ለምትደመድሚው ነገር ነው። በአሜሪካ ሦስት የትምህርትና የሥነ ልቦና ሙያ ማኅበራት በጋራ የሚያወጡት የፈተናዎች መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 እትሙ የሚለውም ይሄንኑ ነው፤ ቫሊዲቲ የውጤቱ ትርጓሜና የታሰበለት አገልግሎት ጉዳይ ነው።

ሁሉም ባለሙያ ግን አይስማማም። ቦርስቡም የሚባል የሆላንድ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 በጻፈው ላይ ነገሩን አክርሮታል። የሚለካው ነገር በእውነት ካለ፣ እሱ ሲለዋወጥም ውጤቱን የሚለዋውጠው እሱ ራሱ ከሆነ መለኪያው ቫሊድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው ይላሉ። ቀላልነቱን እወደዋለሁ። ግን ድብርት ነው እንጂ ድካም አይደለም ውጤቱን የለዋወጠው ብለሽ ለማሳየት ስትሞክሪ ዞረሽ የምትመጪው ወደዚያው ማስረጃ መሰብሰብ ነው።

አሁን ሥራው። በመጀመሪያ በአካባቢሽ ወይም ተመሳሳይ ሕዝብ ላይ የተሠራ የቫሊዴሽን ጥናት ካለ ፈልጊና የትኛውን ቋንቋ፣ የትኛውን መቁረጫ ነጥብ (ከእሱ በላይ ያመጣች እናት ድብርት ሳይኖርባት አይቀርም የሚባልበትን ውጤት) እንደተጠቀመ ጻፊ፤ መቁረጫ ነጥቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከዚያ ጥቂት እናቶች ጋር ቁጭ በይና እያንዳንዱን ጥያቄ አንብበሽላቸው «ምን ተጠየቅሽ?» በያቸው። በራሳቸው አፍ ሲያስረዱሽ የትኛው ጥያቄ ወዳልታሰበበት እንደሄደ ወዲያው ይገለጥልሻል። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግን ስንቱ ይዘለዋል። ከተቻለ ደግሞ የተወሰኑት በሳይካትሪ ባለሙያ እንዲታዩ አድርጊና ውጤቱን ከመጠይቁ ጋር አስተያዪው፤ ከሁሉም ጠንካራው ማስረጃ እሱ ነው።

አማካሪሽ ነገ ደግሞ ኢንተርናልና ኤክስተርናል ቫሊዲቲ ሊልሽ ይችላል። ይሄ ስለ መጠይቁ ሳይሆን ስለ ጥናቱ ነው። ዶናልድ ካምቤል የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ያመጣው ክፍፍል ነው፤ አንደኛው «ለውጡን ያመጣው በእርግጥ ያ ነገር ነው ወይስ ሌላ?» ይላል፣ ሁለተኛው «እዚህ ያገኘሁት ሌላ ቦታ፣ ሌሎች ሰዎች ላይም ይሠራል?» ይላል። አንቺን የሚያሳስብሽ ሁለተኛው ነው። እናቶቹን የምታገኚያቸው ጤና ጣቢያ ሲመጡ ከሆነ፣ ቤቷ ወልዳ ከቤት ያልወጣችዋን አላገኘሻትም። ድብርቱ የጠናባትም እሷ ልትሆን ትችላለች።

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ። እኔና ባለቤቴ በዕድሜ ገፍተናል። ቤታችንንና ጥሪታችንን ልጆቻችን እንዴት እንደሚካፈሉት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ሁለታችንም ፈርመናል። ሁለት ጎረቤቶችም በምስክርነት ፈርመዋል። ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ፣ ተስማምተዋል። በቅርቡ አንድ ዘመድ «ይሄ ኑዛዜ አይጸናም» አለን። ከልባችን የጻፍነው ቃላችን እንዴት አይጸናም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አባታችን፣ ዘመድዎ ያሉት ልክ ነው። በጊዜ ስለጠየቁ ደስ ብሎናል፤ ሁለታችሁም በሕይወት ስላላችሁ የሚስተካከል ነገር ነው።

ቃላችሁ እውነተኛ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ሕጉ ግን ኑዛዜ ላይ ፎርሙንም ይጠይቃል፤ ወራሾች ሲከራከሩ ተናዛዡ አይኖርምና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 858 ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ላይ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው ይላል። ባልና ሚስት መሆናችሁ ይሄን አይለውጠውም። ኑዛዜ የአንድ ሰው የግል ቃል ነው፤ በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ሁለት ሰው በአንድ ወረቀት ከታሰረ ግን አንዱ ሐሳቡን ሲለውጥ የሌላው ምን ይሆናል?

ሁለተኛው ችግር ምስክሮቹ ናቸው። በምስክሮች ፊት የሚደረግ ኑዛዜ፣ በቁጥር 881 መሠረት፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ጽሑፉ ላይ መገለጽ አለበት፤ ተናዛዡም ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማድረግ አለባቸው። ሁለት ምስክር የሚበቃው አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ወይም መዝጋቢ ሲሆን ነው። ስለዚህ እርስዎ ለብቻዎ፣ ባለቤትዎም ለብቻቸው ይጻፉ፤ እያንዳንዳችሁም የየራሳችሁን ድርሻ ብቻ ተናዘዙ። መጻፍ የሚችል ሰው ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አመልክቶ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ቢያኖር ያለ ምስክርም ይጸናለታል። ለማንኛውም ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጠበቃ ያሳዩት፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ብታደርጉት ደግሞ ሐሳባችሁ ያርፋል። ልጆቹ መስማማታቸው መልካም ነው። ሆኖም አንዱ ሐሳቡን የለወጠ ቀን ፍርድ ቤቱ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ለሐዋሳዋ እህታችን ወንድም ደግሞ በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር እንጨምር። ሕግ ውስጥ መጽናትና መረጋገጥም ይለያያሉ። ቁጥር 1678 ውል እንዲጸና ችሎታ ያላቸው ወገኖች ጉድለት የሌለበት ፈቃድ፣ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ጉዳይ፣ እንዲሁም ሕግ ፎርም ካዘዘ ያንን ፎርም ይጠይቃል። ቁጥር 2472 ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ ማስረዳት አይቻልም ይላል። ያለ ወረቀት 50 ሺህ ብር ያበደረ ሰው ብድሩ የለም አልተባለም፤ ማስረጃ አጥቶ ነው የሚቸገረው። ስንቱ ወንድማማች በዚህ ተጣልቷል።

ጥያቄ፦ ዳላስ የምኖር ነርስ ነኝ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጥቁር ቆዳ ላይ ይሳሳታል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው ወይስ የሶሻል ሚዲያ ወሬ?

መልስ፦ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ባወጡት ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ካነበበላቸው ታማሚዎች መካከል ደማቸው በቀጥታ ሲመረመር ኦክስጅናቸው ከ88 በመቶ በታች የተገኘባቸውን ቆጠሩ። ከጥቁር ታማሚዎች 11.7 በመቶ፣ ከነጮች 3.6 በመቶ ነበሩ። ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። መሣሪያው ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ደሙ ምን ያህሉን እንደዋጠ ነው የሚያሰላው፤ የቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። ስሌቱ የተስተካከለው በአብዛኛው ፈካ ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከሆነ፣ ለሌላው ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይወጣል።

ልብ በይ፤ መሣሪያው ደጋግሞ ያንኑ 94 ሊያነብልሽ ይችላል። ደጋግሞ አንድ ዓይነት ማንበቡ ግን ልክ መሆኑን አያሳይም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2021 ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ በጥር 2025 ደግሞ አምራቾች በተለያየ የቆዳ ቀለም ላይ በሰፊው እንዲፈትኑ የሚጠይቅ ረቂቅ መመሪያ አውጥቷል። እስከዚያው በአንዱ ቁጥር ብቻ አትተማመኚ። ከሰዓታት በፊት ከነበረው ጋር አስተያዪው፣ ትንፋሹን እይ፣ ታማሚው ግራ ከተጋባ ወይም አየር አጠረኝ ካለ 95ም ብታይ ለሐኪሙ ንገሪና የደም ጋዝ ምርመራ እንዲታሰብበት ጠይቂ። ታማሚው የአገርሽ ሰው ከሆነና እንግሊዝኛው ካልሆነለት፣ አየር እንዳጠረው የሚናገርለት ሰው አንቺ ብቻ ልትሆኚ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ሁሉም የሚወድቅበት ፈተና ቫሊድ ሊባል ይችላል? (ከደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ የወደቀው ሰው ብዛት ብቻውን ፈተናውን ቫሊድ አያሰኘውም፣ ኢንቫሊድም አያሰኘውም። ከ845 ሺህ በላይ ተፈትነው 27,267 አለፉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠ ጊዜ፣ 3.3 በመቶ ነበር። ተማሪው በእርግጥ ካልተማረ፣ አልተማረም ብሎ የሚናገር ፈተና ሥራውን ሠርቷል።

ጥያቄው ከዚያ ቁጥር ላይ ምን ይደመደማል የሚለው ነው። ግቢ ውስጥ መፈተኑ አንድ ትልቅ ችግር ቀንሷል፤ የተኮረጀ ውጤት የተማሪውን ዕውቀት አይናገርምና። ሌላ ችግር ግን እዚያው አለ። የእርስዎን ፊዚክስ ይውሰዱ። ጥያቄው ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ከመጣ፣ ኒውተንን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ እንግሊዝኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ያኔ ውጤቱ የፊዚክስም የእንግሊዝኛም ይሆናል፤ የትኛው ምን ያህል እንደሆነ ከቁጥሩ አይታወቅም። እርስዎ ክፍልዎ ውስጥ ሊሞክሩት ይችላሉ፤ አንዱን ጥያቄ በአጭር ቃላትና በሥዕል፣ ያንኑ በረጅም ጽሑፍ ይስጡና ልዩነቱን ይዩ።

በዚያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ40 በመቶ በላይ ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ ቁጥር ስለ ልጆቹ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ትምህርት ቤቶቹ፣ ስለ መጻሕፍቱ፣ ስለ መምህራኑ ደመወዝና ስለ ላቦራቶሪው የሚናገረው ይበዛል። ቤተ ሙከራ ያላየ ልጅ ወድቆ «ሰነፍ ትውልድ» ሲባል በጣም ያመኛል። ፈተናው ስንፍናን አልለካም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይማራል ወይስ አይማርም የሚለውን ይተነብያል ወይ? እሱን ለማወቅ ያለፉትን ብቻ ማየት አይበቃም፤ የወደቁት ገብተው ቢሆን ምን ይሆኑ እንደነበር አይታይምና። እዚህ ላይ የሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራሙ ጥሩ ዕድል ነው። ከ50 በመቶ በታች አምጥተው በሬሜዲያል በኩል የገቡት ልጆች ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ የት ቆሙ? ፈተናውን ለመዳኘት ከዚህ የተሻለ መረጃ አይገኝም። መረጃው ለተመራማሪዎች ክፍት ቢሆን እያንዳንዱ ወላጅ ይጠቀማል።

ጥያቄ፦ ዌብሳይት እሠራለሁ። የክፍያ ፎርሜ የካርድ ቁጥሩን አይቶ «ካርዱ ቫሊድ ነው» ይላል፤ ከዚያ ክፍያው ይከሽፋል። ደንበኞች ይጮሁብኛል። ኮዱ ስህተት ይሆን?

መልስ፦ ስህተቱ ኮዱ ላይ ነው ብዬ አላስብም። የምትጠቀምበት የሉን ስሌት ይመስለኛል፤ የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን ፓተንቱን እ.ኤ.አ. በ1960 ያገኘበት። ቁጥሮቹን ከቀኝ ጀምሮ አንድ እየዘለለ በሁለት አባዝቶ፣ ብዜቱ ከ9 ከበለጠ 9 ቀንሶለት፣ ሁሉንም ደምሮ፣ ድምሩ ለ10 ሲካፈል ቀሪ የለውም ወይ ብሎ ያያል። አንድ አሃዝ ተሳስቶ የተጻፈን ሁሉ ይይዛል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ከተቀያየሩም አብዛኛውን ይይዛል፣ 09 እና 90 ብቻ ያመልጡታል። ካርዱ መኖሩን፣ ጊዜው አለማለፉን፣ ሒሳቡ ውስጥ ብር መኖሩን ግን አያውቅም፤ እሱን የሚያውቀው ባንኩ ነው። ስለዚህ ኮዱን ተወውና ጽሑፉን ለውጥ። ቁጥሩ ስሌቱን ካላለፈ «የካርድ ቁጥሩን እንደገና ይመልከቱ» ይበል፤ ካለፈ ምንም አይበል፣ ባንኩ እስኪመልስ ይጠብቅ።